ይድረስ ለክቡር ዣንጥላ፦ ጥላዎ ስላረፈብን ይቅርታ

ለባለሁለት አልጋው፣ ለባለአንድ ጠረጴዛው፣ ለፊተኛው ረድፍ ጌታ፣ ለክቡር ዣንጥላ፤
ናፍፕሊዮ እና አካባቢዋ፣ ግሪክ።

ጤና ይስጥልን። አስቀድመን ለማዕረግዎ እጅ እንነሣለን። በእኛ ቋንቋ ስምዎ ራሱ ሹመት ነው። ለጃንሆይ ተዘርግተዋል፤ በጥምቀት ወርቀ ዘቦ ለብሰው ለታቦት ተዘርግተዋል። ዘንድሮ ደግሞ በአርጎሊዳ አውራጃ አሸዋ ላይ፣ ከነአልጋዎ የሚከራዩ ሆነው፣ ለአንድ ብርጭቆ ፍሬዶ ኤስፕሬሶ (በረዶ ለገባበት ቡና) ተዘርግተው አየንዎ። ሹመት ያዳብር!

የዚህ ደብዳቤ መነሻ ያለፈው እሑድ ነው። ዳርቻውን በስም አንጠራውም። ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ፣ አሸዋው የላመ፣ ከአቴንስ ኪፊሶስ ጣቢያ በማለዳው ክቴል (አገር አቋራጭ አውቶቡስ) የተሳፈረ ሰው ናፍፕሊዮ ላይ አውቶቡስ ቀይሮ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሚደርስበት ነው። (ሰዓቱ በእኛ ነው፤ እነሱ አሥር ይሉታል።) አንዲት ሰማያዊ ፎጣ፣ ርዝመቷ አንድ ሜትር ከስድሳ፣ ከውሃው ሁለት እርምጃ ላይ ተነጠፈች። ጥግ ጥጓ ላይ ጫማ እንኳ ሳይቀመጥባት እርስዎንና አልጋዎችዎን የሚያከራየው ልጅዎ ደረሰ። «እዚህ አይቻልም፤ የፊት ረድፍ ደንበኞችን እይታ ትከልያለሽ።» መሬት ላይ የተነጠፈች ፎጣ የማንን እይታ እንደምትከልል አልተብራራም።

ፎጣዋ ተነሣች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ረድፍ መካከል ባለው ሽንቁር ተነጠፈች። ልጁ ተመልሶ መጣ፤ የአስተናጋጅ መተላለፊያ ነው። እንደገና ተነሣች። በመጨረሻ የተፈቀደላት ከኋለኛው ረድፍ ጀርባ፣ ከእግር መታጠቢያው ቧንቧ አጠገብ ነው። ቦታውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ አሸዋው ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ የሲጋራ ቁራጭ ተቀብሮበታል፣ በሐምሌ ጨው አልባ ውሃ ፍለጋ የሚመጣ ተርብ ሁሉ ማደሪያው እዚያ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ለማደስ ለተንከራተተ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። አንደኛው መስኮት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይልካል፤ ሦስተኛው ላይ ተርብ አለ። አፊሚዋንና አምካዋን (የግብርና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሯን) ብቻ አልተጠየቀችም።

እስከዚህ ያለውን እንኳ ዋጥ አድርገን ዝም ባልን። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የጥላ ነገር ነው፤ የጥላ ነገር ደግሞ ሒሳብ ነው። ቁመትዎን ሁለት ሜትር ከሃያ እንበለው። በዚህ አገር በሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው ሰባት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ ለበጋ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ። ያኔ ጥላዎ እግርዎ ሥር ተኮራምቶ ሰባ ሳንቲ አይሞላም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ሜትር ከምናምን ይደርሳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ላይ ስድስት ሜትር ያልፋል። ዳርቻው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ይህ ሁሉ ጥላ የሚዘረጋው ከባሕሩ ወደ የብስ ነው፤ ማለትም ወደ ኋላ፣ ወደ ግዞተኞቹ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የጥላዎ ራስ የሰማያዊቷን ፎጣ ግማሽ ያዘ። ፎጣዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ እርስዎ ነዎት የመጡት። ልጁም መጣ፣ በእጁ የካርድ ማሽን ይዞ።

«ዣንጥላውን እየተጠቀማችሁ ነው። አሥር ዩሮ።»

«በጥላው ነው?»

«በጥላው።»

ደረሰኝ ተጠየቀ። ልጁ ማሽኑን ገልብጦ አየው። «አንድ ዣንጥላ ከሁለት አልጋ ጋር» የሚል እንጂ «ጥላ ብቻ» የሚል ዕቃ በውስጡ የለም። ስለዚህ በደግነት ቅናሽ አደረገ፤ አልጋው ስለሌለበት አምስት፣ ያለ ደረሰኝ። በአማርኛ ጥላው የከበደ ሰው ሲባል ሰምተን እናውቃለን፤ ጥላው ቫት የተቆረጠለትን ግን ገና እየጠበቅን ነው።

እዚህ ላይ «እርስዎ» ማለቱ ይቅር። ስማ አንተ ዣንጥላ። ከፎጣዋ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የዚያው ረድፍ ጥላ ውስጥ፣ ትከሻቸው እንደ ቲማቲም የቀላ ሁለት ሰዎች መጽሐፍ እያነበቡ ተኝተው ነበር። እነሱም ፎጣ ላይ ነበሩ። እነሱም አልከፈሉም። ልጁ ፈገግ ብሎላቸው አለፈ። ፎጣዋ ላይ የተቀመጠችው ሴት ሳምንቱን ሙሉ የአንዲት ባልቴት ጀርባ ስታጥብ፣ ኪኒኗን በሰዓቱ ስትሰጥ፣ ሌሊት ሦስቴ ስትነሣላት የከረመች ናት። ያላት እሑድ ብቻ ነው። ደርሶ መልስ አምስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠችው ባሕር ልታይ እንጂ አንተን ልታይ አይደለም። አሥር ዩሮ ስለጠየቅሃት አይደለም የምንናደደው። ከሁሉም መርጠህ እሷን ስለጠየቅሃት ነው።

የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ደግሞ፣ ጠዋት ላይ አንዲት ያያ (የግሪክ አያት) ታጣፊ ወንበሯን ውሃው ዳር ስትዘረጋ እሷንም አስነስተሃታል። «እናቴ ምንጣፏን እዚህ ነበር የምታጥበው» አለች፤ ወንበሯን አጥፋ ሄደች። ሰባ ዓመት የዋኘችበትን ባሕር።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ወደ ማዕረግዎ እንመለስ።

ይህ ክርክር እኮ በአገሩ አዲስ አይደለም። በጥንት ጊዜ አንድ ሰው ከአቴንስ ወደ ሜጋራ ለመሄድ አህያ ተከራየ ይባላል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከአህያዋ ጥላ ሥር አረፍ ቢል፣ ባለቤቱ «ያከራየሁህ አህያዋን እንጂ ጥላዋን አይደለም» ብሎ ያዘው። ወሬውን ለአቴናውያን ያወራላቸው የጥንቱ ንግግር አዋቂ ዴሞስቴኔስ ነው ይባላል፤ አልሰማ ያሉትን ሰዎች ጆሮ ለመያዝ። ግሪኮች ዛሬም ለከንቱ ጭቅጭቅ «የአህያ ጥላ ነገር» ይላሉ። እርስዎ ግን ከአህያው ባለቤት ይብሳሉ። ያኛው ተከራይ አህያዋን እንኳ ተከራይቷል።

አሁን ስለ ሕግ። በሕግ 2971 የ2001 የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። (ዓመቱ በእነሱ ነው።) በ2023 በጋ በፓሮስ ደሴት ሰዎች ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ «የፎጣ ንቅናቄ» ተባለ። በቀጣዩ ዓመት በመጋቢት አዲስ ሕግ ወጣ፦ ከዳርቻው ቢያንስ ግማሹ ከእርስዎ ነፃ ይሁን፣ በተጠበቁ አካባቢዎች ሰባ በመቶው ነፃ ይሁን፣ ከውሃው ጠርዝ አራት ሜትር ውስጥ ምንም አልጋ አይቀመጥ። በዚያው በ2024፣ 198 ዳርቻዎች ላይ ጭራሽ እንዳይተከሉ ተከለከሉ።

አራት ሜትር ለመለካት ሜትር አያስፈልግም። አንድ ሜትር ከስድሳ የሆነች ፎጣ ከውሃው ጠርዝ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ተኩል ስትገለበጥ አራት ሜትር ይሞላል። ውሃው ሞልቶ ነው ብለው እንዳያመካኙ፤ እዚህ ባሕር ላይ ይህ ነው የሚባል ሙላትና ጉድለት የለም፣ ጠርዙ ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። አቤቱታ ለማስገባት ማይኮስት የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ካርታው የተከራየውን ቦታ ወሰን ያሳያል። የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ የስልክ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፣ እርስዎ ደግሞ የሚገፉት አንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ብቻዋን አታስረዳም። ፎቶው ላይ የውሃው ጠርዝ፣ የተዘረጋችው ፎጣና የፊተኛው አልጋ እግር አብረው ይግቡ። ከጎን ይነሣ እንጂ ከፊት አይነሣ፤ ከፊት የተነሣ ፎቶ ርቀት ይበላል።

ግዛትዎን እንደምናውቀው እንዲያውቁልን ዞር ዞር እንበልበት። ናፍፕሊዮ እስከ 1834 የግሪክ ዋና ከተማ ነበረች። መንግሥቱ ወደ አቴንስ ሄደ፤ እርስዎ ቀሩ።

ከከተማዋ ሥር፣ በአክሮናፍፕሊያና በፓላሚዲ ምሽጎች መካከል፣ አርቫኒቲያ የምትባል ዳርቻ አለች። ጠጠር ናት፣ ውሃዋም ወዲያው ይጠልቃል። ጠጠር ምሰሶዎን ስለማይጨብጥ ብዙም አይወዷትም፤ እኛ የምንወዳት በዚሁ ነው። ፎጣ ብቻዋን ግን አትበቃም። ከሥሯ አንድ ሳንቲ ውፍረት ያለው የስፖንጅ ምንጣፍ፣ እግር ላይ የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። ያለ ጫማ የገባ ሲወጣ በአራት እግሩ ነው።

ከዚያ በፓላሚዲ ግርጌ፣ ባሕሩን በቀኝ ይዞ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ግድም የእግር መንገድ ወደ ካራቶና ዳርቻ ይወስዳል። አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ጥላ ስለሌለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥራ አንድ በኋላ ይሻላል፣ ውሃም በሰው አንድ ሊትር አይነስ። ካራቶና ሰፊ ናት፣ አሸዋ ናት፣ ውሃው ወገብ እስኪደርስ ብዙ ያስኬዳል፤ ለልጅ የተሠራች ናት። ከኋላዋ ደግሞ ምን ቆሞ እንደሚጠብቀን ያውቃሉ? ባሕር ዛፍ! እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ እዚህ በእውነት ከነባሕሩ። የእሱ ጥላ ሦስት ሜትርም ስድስት ሜትርም ቢረዝም ካርድ ማሽን አይከተለውም። ጉድለቱን አንደብቅም፦ የወደቀው ፍሬ ጀርባ ይወጋል፣ ጉንዳን አለው። ምንጣፍ ከፎጣ ሥር ሲነጠፍ ግን የማይቻል ነገር አይደለም። ክቡርነትዎ ከዚህ ዛፍ ጋር ለምን እንደማይጎራበቱ ገብቶናል።

«ቶሎ» የምትባለው ዳርቻ አሥር ኪሎ ሜትር ግድም ራቅ ትላለች። ረጅም ናት ግን ቀጭን፤ ሆቴሎቹ ውሃው ላይ ሊወድቁ ነው። በቦታ ቦታ አራት ሜትር ነፃ ይተው ቢባል ለእርስዎ የሚቀረው የሆቴሉ ምግብ ቤት ውስጥ መቆም ነው። ቆመውም አይተናል። ከጥንታዊቷ አሲኔ ጎን ያለችው ካስትራኪ ጸጥ ትላለች። ከድሬፓኖና ከቪቫሪ ወዲያ ያለችው ኮንዲሊ ውሃዋ የጠራ ነው፤ መኪና ያለው ወዳጅ ግን ይጠይቃል። መኪና ያለው ወዳጅ ደግሞ እሑድ ሁልጊዜ ሥራ አለው።

«የራሳችሁን ዣንጥላ ለምን አትተክሉም?» ይሉ ይሆናል። እንተክላለን። በአርጎሊዳ ባሕረ ሰላጤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ይነሣል። አሥራ አምስት ሳንቲ ብቻ ወግቶ የተወ ሰው ዣንጥላው ሲንከባለል ተከትሎ ሲሮጥ ይታያል። ምሰሶው አርባ፣ ሃምሳ ሳንቲ መግባት አለበት። በመዶሻ ሳይሆን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ነው የሚያወርዱት። ከዚያ ዙሪያውን ውሃ አፍስሶ በእግር መርገጥ ነው፤ እርጥብ አሸዋ ይይዛል፣ ደረቅ አሸዋ ይለቃል። ራሱ ወደ ነፋሱ ዘመም ይበል፤ ሆዱን ለነፋሱ የሰጠ ዣንጥላ ተገልብጦ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ይህን ሁሉ አድርጎ የተከለ ሰው ጋ ልጅዎ መጥቶ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «እይታ ይከልላል።» በዚህኛው እንኳ ትንሽ እውነት አለው።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች። «ሬዘርቬ» (ተይዟል) የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ያልተቀመጠባቸው የፊት አልጋዎች፦ እንግዳው ማን ነው? መልአክ ከሆነ ይነገረን፣ እንሰግዳለን። ሙዚቃው፦ ዓሣው እንኳ ሄዷል። የኪውአር ሜኑው፦ በቀትር ፀሐይ የስልክ ስክሪን አይነበብም፤ ዋጋው እንዳይነበብ ከሆነ ተሳክቷል። ራኬት የሚጫወቱትን ለሌላ ደብዳቤ አቆይተናቸዋል።

የሚቀጥለው እሑድ እንመጣለን። ፎጣዋ ያችው ሰማያዊቷ ናት፣ ቦታዋም ከቧንቧው አጠገብ ያው ጭቃ ነው። ጥላዎ እንደ ልማዱ ቢመጣብን እንዳንጠቀምበት ከላያችን አንሥቶ እንዲወስድልዎ ልጁን ይላኩልን። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እንጠብቀዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለፎጣዎቹ
ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ፣ ከቧንቧው በስተግራ