ውሃው ይወስደዋል አትበሉኝ

የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው። እኔም ራሴን አልምርም።

ጋሼን የቀበርናቸው ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ከለገጣፎ ወረድ ብሎ ያለው ሰፈራችን እንዲህ ያለ ቀብር አይቶ አያውቅም። የአራት እድር ሰው ወጣ። ልጆቹ እንኳን ጫማቸው በጭቃ እየተዋጠ አስከሬኑን ተከትለው ሄዱ። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እሳቸውን ስናነሳ ስንጥል፣ ደግነታቸውን ስንናገር ቆየን።

ሠልስት ዕለት ማታ ድንኳኑ ፈረሰ። እድሩ በነጋታው ሌላ ለቅሶ ቤት ሊያደርሰው ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሁሉም ችኩል ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ቀን የተጠራቀመ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የተረፈ ሽሮና ምስር የፈሰሰበት እንጀራ ተከምሯል። ሰባት ጆንያ ሞላ። ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች የሚመጡት ቅዳሜ ነው፣ ቀኑ ደግሞ ገና ማክሰኞ። አንዱ ጎረቤታችን «እስከ ቅዳሜ እዚህ ሊሸት ነው እንዴ? ወንዙ ሞልቷል፣ ውሃው ይወስደዋል» አለ። የመለሰለት የለም። ተሸክመን ሄድን። ከድልድዩ በታች፣ ጋሼ ሁልጊዜ ከሚቆሙባት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ፣ የጆንያዎቹን አፍ ፈትተን አንድ በአንድ ዘረገፍናቸው። ጆንያው ይፈለጋል ተብሎ ባዶው ተመለሰ።

ተሸክመን ያልኩት ለወጉ አይደለም። ከሰባቱ አንዱን ከታች በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩትም እኔ ነኝ። «ወንዛችንን እንደ ልጃቸው የጠበቁ» የሚለውን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ሳነበው አለቀሳችሁ፣ እኔም ድምፄ ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ለቅሶ እስከዚያ ጆንያ ሦስት ቀን ነው ያለው።

እሳቸው ምን እንደነበሩ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሼ በወጣትነታቸው ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ነበሩ። እዚያ እንደ ወይብ ባሉት ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። እሱን ሊያጠምዱ የሚመጡ የውጭ ሰዎችን ዕቃ እየተሸከሙ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድን ከእነሱ ተማሩ። ትል አይሰኩም፣ መረብ አይጥሉም። መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመው ዝንብ ያስመስላሉ፣ ገመዱን ከራሳቸው በላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዙ ዝንቧን ውሃው ላይ እንደ እውነተኛ ቀስ አድርገው ያሳርፏታል። ጡረታ ወጥተው እኛ ጋ ሲሰፍሩ ትራውት የለም፣ ያለው ቢልጫ ነው። ለሱም እንደዚያው ይጨነቁለት ነበር። የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዋዜማ ልጆቹን ልከው ከየቤታችን የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ያስለቅማሉ። ከዚያ በረንዳቸው ላይ መነጽራቸውን አድርገው፣ በልብስ መስፊያ ክርና በበግ ፀጉር ያቺን የጥፍር ታህል ነገር ሲሠሩ ይውላሉ። የመንጠቆዋን እሾህ በፒንሳ ይደፈጥጡታል፣ ዓሣው እንዳይቆስል። ዓሣውን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ውሃ ውስጥ ይነክራሉ፣ ደረቅ እጅ ላዩን ያለውን ልጋግ ይገፈዋልና። አብዛኛውን መልሰው ይለቁት ነበር። እኛ ሞኝነት መስሎን ስቀናል።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ድንጋይ መገልበጣቸው ነው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የማጥመጃ ዘንጋቸውን አይዘረጉም። ሱሪያቸውን ሰብስበው ይገቡና አንድ ድንጋይ ገልብጠው ሆዱን ያያሉ። ሦስት ቀጭን ጅራት ያላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ተለጥፈውበት ካዩ ፊታቸው ይበራል። እነዚያ ነፍሳት ከውሃው ውስጥ ለወራት ኖረው፣ ክንፍ ካወጡ በኋላ ዕድሜያቸው የቀን ወይም የሁለት ቀን ነው። ንጹሕና አየር ያለው ውሃ ካላገኙ ይሞታሉ። ጠፍተው ቀይ ቀይ ትል ብቻ ከተገኘ ወንዙ ታሟል ማለት ነው። «ድንጋዩ አይዋሽም» ይሉን ነበር። የተረፈ ምግብ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር እንደሚጨርስበት ደጋግመው አስረድተውናል። በእድር ስብሰባ ተነስተው ተናግረዋል። በየበሩ እየዞሩ ለምነዋል። እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያልን ሸኘናቸው።

ታዲያ እንዴት ነው ያንን ድንጋይ መርጠን የደፋንበት?

ውሃው ይወስደዋል አላችሁ። ወዴት ነው የሚወስደው? የኛ ወንዝ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ በጣልያን ጊዜ ተሠርቶ ለአዲስ አበባ መብራት ይሰጥ የነበረው ግድብ ማለቴ ነው። ዛሬ ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል፣ ውሃውን እምቦጭ ለብሶታል። ከዚያ ወደ አዋሽ፣ በአዋሽ ወደ ቆቃ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ ነው የሚያልቀው። የጣልነው ነገር ከአገራችን አይወጣም። መንገድ ላይ ያሉት ገበሬዎች በአቃቂ ውሃ ያለሙትን ጎመንና ሰላጣ እኛው ገዝተን ለልጆቻችን እናጎርሳለን።

ፋብሪካዎቹስ አትበሉኝ። ቆዳ ፋብሪካውም የሚጠየቅበትን ይጠየቅ፣ ፌስታልንም መንግሥት በ2017 ዓ.ም በአዋጅ ከልክሏል። ያቺን ማታ ግን ከእኛ ሌላ ድልድዩ ስር ማንም አልነበረም።

ተናድጄ ጀመርኩት፣ አሁን ግን ንዴቱ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ማታ ማታ ስተኛ የሚታየኝ የጎረቤቴ ፊት አይደለም፣ የራሴ እጅ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ተዉ፣ እኔ ግቢ ይደር፣ ቅዳሜ ይነሳል» ብል ማንም አይጣላኝም ነበር። የኔ ግቢ ባዶ ነው። ደክሞኝ ነበር፣ ዝናብ መጣ ብዬ ነበር፣ ሰው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ብቻ ምን አወራለሁ ብዬ ነበር። ሰውዬው በሕይወት እያሉም እንዲሁ ነው ያደረግኩት። ስብሰባው ላይ ሲናገሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አንገቴን ነቅንቄአለሁ። አንድ ቀን እንኳን ተነስቼ «ጋሼ ያሉት ልክ ነው» አላልኩም። ሲሞቱ ግን ወረቀት ይዤ ለማንበብ ማንም አልቀደመኝም።

ወገኖቼ፣ እንደዚህ ነን። ለሞተ ሰው ደረት እንደቃለን፣ የለመነንን ግን አንሰማም። ጠላት አይደለንም እኮ። እሳቸው ሲታመሙ ሾርባ ያመላለሳችሁት እናንተ ናችሁ። በዝናብ መቃብር የቆፈራችሁትም እናንተ ናችሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወርጄ ነበር። ውሃው ግማሹን ወስዶታል። ግማሹ ድልድዩ ምሰሶ ላይና ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ዘንግ አያያዝ ያስተማሩት የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ቀድሞኝ ደርሶ ሃይላንድ ይለቅማል። ማን እንደጣለው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ምንም አላለኝም፣ ጆንያውን ብቻ እንድይዝለት ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንወርዳለን። የመጀመሪያው እሑድ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሁለተኛው ላይ ከእድሩ ሁለት እናቶች መጡ። በሦስተኛው ዝናብ ነበር፣ እንደገና ሁለታችን ቀረን። ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

አርባቸው መስከረም መግቢያ ላይ ነው። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሃይላንድ አንገዛም፣ ውሃውን በጀሪካን አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ ከየቤታችሁ አምጡ። የተረፈውን እኔ ግቢ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ፣ ቆፍሬ ጨርሻለሁ። የእንቁጣጣሽ ዶሮ ስታርዱም የአንገቱን ላባ አትጣሉት፣ ልጁ ይመጣል።