ማስተካከያ፦ ጥቁሩ የዙሉ ሸክላ ድስት አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የነበረ አንድ ፖስት ክብ ጥቁር ሸክላ አሳይቶ «ዙሉዎች ወጥ የሚሠሩበት ድስት ነው፤ ያጠቆረው የምድጃ ጥላሸት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

በፎቶው ላይ ያለው የደቡብ አፍሪካዎቹ ዙሉዎች ኡካምባ ነው፣ የቢራ መጠጫ። ቢራው ከማሽላ የሚጠመቅ ነው፣ ከኛ ጠላ ብዙም አይርቅም። የሚጠመቀው ኢምቢዛ በሚባል ትልቅ ሸክላ ነው። ኡካምባው ደግሞ እንግዶች መሀል ቀርቦ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ጥቁረቱ ሆን ተብሎ የሚመጣ ነው። ሙያው በአብዛኛው የሴቶች ነው። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ያበጁታል። ሸክላው አንዴ ከተተኮሰ በኋላ፣ ጭስ በሚበዛበት የሣርና የኩበት እሳት ድጋሚ ይታፈናል። ከዚያ ስብ ተቀብቶ በለስላሳ ጠጠር ይወለወላል። ጎኑ ላይ ጉብ ጉብ ያሉት ጌጦች አማሱምፓ ይባላሉ፤ እኔን በጣም የሚማርከኝ እነሱ ናቸው። ጥቁር የሚመረጠውም የሞቱ አያት ቅድመ አያቶች ጨለም፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳሉ ተብሎ ስለሚታመን ነው። ለእነሱም ከጎጆው በስተኋላ፣ ኡምሳሞ በሚባለው ቦታ ቢራ ይቀመጥላቸዋል።

የዚህ መረጃ ምንጭ የሙዚየም ካታሎጎችና ክዋዙሉ ናታል በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ግዛት ባሉ ሸክላ ሠሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ናቸው።

ፖስቱን አምናችሁ ኡካምባ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ምድጃ ላይ እንዳትጥዱት። ጥላሸት መስሏችሁም በሽቦ አትፈትጉት፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ማማር ይላጣል።