ለ10 ሴንቲሜትር ተብሎ 3,000 ኪሎ ሜትር?

ኪሏ፣ ማለትም ከሆዷ ሥር ያለው ከባድ ክንፍ፣ ከውሃ በታች 1.5 ሜትር የሚወርድ የሸራ ጀልባ አለች። በፈረንሳይ የአትላንቲክ ወገን ካለችው ከቦርዶ ተነስታ ሜዲትራኒያን መግባት ትፈልጋለች። በደቡብ ፈረንሳይ ያለው ካናል ዱ ሚዲ የተባለው ቦይ ግን በይፋ የሚቀበለው 1.4 ሜትር ገደማ ነው። ትለፍ ወይስ ስፔንን በጂብራልታር ትዙር?

የቦዩ ወገን፦ እኔ ትለፍ ባይ ነኝ። ቦዩ እኮ የተቆፈረው ለዚሁ ነው። ቦዩን ያስቆፈረው ፒየር ፖል ሪኬ እ.ኤ.አ. በ1666 ሥራው ሲፈቀድለት ዓላማው ስፔንን ከመዞር መገላገል ነበር። በ1681 አለቀ። ምስኪን፣ እሱ በ1680 ሞቶ ምረቃውን አላየም። ቦዩ ራሱ ከቱሉዝ እስከ ቶ ሐይቅ፣ ማለትም እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ በባሕር ብትዞር 3,000 ገደማ።

የባሕሩ ወገን፦ ታሪኩን ተወው። ታንኳ ብትሆን ኖሮ አልከራከርህም ነበር። የቦዩ ወለል እንደ ሳህን ነው፤ ጥልቀት ያለው መሀሉ ላይ ብቻ። ከፊት ለፊትህ ጀልባ ተከራይቶ መሪ ገና ዛሬ የጨበጠ ቱሪስት ይመጣል። ጥግ ትይዝለታለህ፣ ደለል ላይ ቁጭ። ማታም ዳር መጠጋት ስለማትችል ሳንቃ ዘርግተህ ነው የምትወርደው። ደግሞ ጨው የሌለው ውሃ እንደ ባሕር አይሸከምም፤ ጀልባህ ትንሽ ዝቅ ትላለች።

የቦዩ ወገን፦ ደለል ዓለት አይደለም። ኪሉ ያርሰዋል እንጂ አይሰበርም። ዋናው ፍጥነት ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ የሮጠች ጀልባ ወደ ታች ትሳባለች፣ በተለይ ኋላዋ። ወሰኑ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንተ በ5 ሂድ። ድልድዮቹ ከፍታቸው 3.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ምሰሶ ማውረድ መቼም ግድ ነው። እሱን፣ የመልህቅ ሰንሰለቱንና ሸራውን በመኪና ላክ፣ የውሃ ታንክህንም አጉድል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ታገኛለህ።

የባሕሩ ወገን፦ የቀሩት ሰባቱስ? ከዚያው ጭቃ እኮ ነው ሞተርህ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው። ማጣሪያ ስትጠርግ ልትውል ነው። ቤዚዬ አጠገብ ፎንሴራን ላይ በደረጃ በተደረደሩት የውሃ በሮች 21 ሜትር ያህል መውረድ ያምራል፣ አልክድም። ግን በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ በሁለት በር መሀል ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለበት ሰዓት ከደረስክ አለቀልህ። በሐምሌ የፖርቱጋልን ዳርቻ ብትይዝ ግን የሰሜን ነፋስ ከኋላ ይገፋሃል። ጂብራልታር ላይም የላይኛው ውሃ የሚፈሰው ወደ ሜዲትራኒያን ነው። ምሰሶህ እንደቆመ፣ ሸራህ እንደተነፋ ትገባለህ።

የቦዩ ወገን፦ ከፖርቱጋል በፊት ያለውን የቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል ዘለልከው። ኦርካዎቹስ፣ እነዚያ ትልልቅ ጥቁርና ነጭ የባሕር አዳኞች? ከ2020 ጀምሮ በዚያው በፖርቱጋል ዳርቻህ የሸራ ጀልባ መሪ ይሰብራሉ፤ ያሰመጡትም አለ። ጭቃ መሪ አይነክስም።

የባሕሩ ወገን፦ እዚህ ላይ አሸነፍከኝ። ቢሆንም ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ተጠግቼ አልፋለሁ።

የቦዩ ወገን፦ አየህ፣ አንተም ዞረህ ዞረህ ጥልቀት የሌለው ውሃ ፈለግህ!

የባሕሩ ወገን፦ እሺ በቦይህ ሂድ። ደለል ላይ ስትቀመጥ ማን ሊጎትትህ ነው?

የቦዩ ወገን፦ ያ ቱሪስት ነዋ።