ከገንዳው በፊት ገዢው

የምኖረው በፔንሲልቬኒያ ገጠር ባለች፣ ነዋሪዋ 5,000 በማይሞላ ትንሽ ከተማ ነው። ክፍለ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ሕግ ከ10,000 ሰው በላይ የሚኖርባቸውን ከተሞች፣ እንዲሁም ከዚያ አንሰው ሕዝባቸው ተጠጋግቶ የሰፈረባቸውን፣ እንደ ካርቶን፣ ጣሳና ጠርሙስ ያሉትን ከየደጃፉ ለይተው እንዲሰበስቡ ያስገድዳል፤ እንደ እኛ ያሉትን ትናንሾች ግን አያስገድድም። ስለዚህ ጎረቤቶቼ ሰው ራሱ አምጥቶ የሚያስረክብበት ቦታ በፈቃዳቸው ለማቋቋም ሲመክሩ እኔም አብሬያቸው ተቀመጥሁ።

ስለ ገንዳ ብዛትና ቀለም የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ግን ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት «የሰበሰብነውን የሚገዛን ማን ነው?» ብለው ነው። ጥያቄያቸው ምክንያት ነበረው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 የፕላስቲክ ቆሻሻና ያልተለየ ወረቀት ወደ አገሯ እንዳይገባ ስትከለክል፣ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይሸጡት የነበረውን ነገር ገንዘብ ከፍለው የሚያስወግዱት ሆኑ፤ አንዳንዶቹም መሰብሰቡን ጨርሰው ተዉት። እኛም ገዢ ፍለጋ ወራት ፈጀብን። በመጨረሻ የምንቀበለው ካርቶንና የአሉሚኒየም ጣሳ ብቻ እንዲሆን ወሰንን፤ ጠርሙስ ከባድ በመሆኑ ዋጋው ለማጓጓዣ የሚከፈለውን ስለማይመልስ ተውነው። ቦታው የሚከፈተውም ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ቆሞ በሚቀበልበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዘይት የነካው አንድ ዕቃ ከሥሩ ያለውን ካርቶን ሁሉ ያበላሻል፣ ጠባቂ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ደግሞ ሰው ያገኘውን ይጥላል።

በእነዚያ ወራት ደጋግሞ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን ቆራሌው ነው። እኛ በስልክና በስብሰባ ያገኘነውን እርሱ በቃሉ ያውቀው ነበር፦ የትኛው ብረት በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ፣ ባዶ ሃይላንድ ማን እንደሚፈልግ፣ የቱ ዕቃ ተሸክመው ቢዞሩበት እንደማያዋጣ። እናቴ የተቀደደ ድስትና አሮጌ ጫማ ለእርሱ ብላ በጓዳ ታስቀምጥ ነበር፤ ልብሱ ደግሞ ለልዋጭ ነው። ከእርሱ እጅ የወጣው ቆርቆሮ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማው በረባሶ ሆኖ ይመለሳል። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስማ ባዶውን ካላስረከቡ ሙሉውን አይሰጡም። ይህ ሁሉ ያለ ሕግና ያለ በጀት ሲሠራ የኖረ ነውና፣ አገራችን ቆሻሻን መለየት ከውጭ ልትማር ይገባል ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያመኛል።

የጎደለን ሌላ ነው። ቆራሌው ፌስታል አይገዛም፤ ፌስታሉ ቦይ ይዘጋል፣ ከብትም ይበላዋል። የሚሠራውም ሰው ጓንት የለው፣ መጠለያ የለው፣ ስሙም የሚጠራው በንቀት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ኑሯቸውን በክምሩ ሥር ያደረጉ ድሆች ነበሩ ከነቤታቸው የተቀበሩት። እዚህ ቅዳሜ ጠዋት ካርቶን የሚቀበለውን ሰው ግን ከተማው ሁሉ በአክብሮት ሰላም ይለዋል።

ባለፈው ክረምት ወደ ተወለድሁበት የሰሜን ሸዋ ከተማ ስሄድ ወጣቶች ተሰባስበው ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው አገኘኋቸው። ውጭ ካለነው የጠየቁት ባለ ሦስት ቀለም ገንዳዎች መግዣ ነበር። ቅን ልጆች ናቸው፤ ሐሳቡንም ወደድሁት። ነገር ግን አንድ ብር ከመውጣቱ በፊት ቆራሌዎቹን ጠርተው እንዲያማክሩ አጥብቄ ለመንኋቸው፤ እነርሱ ያልገቡበት ገንዳ ወይ ከእንጀራቸው የሚሻማ፣ ወይ ማንም የማያነሣው ክምር ይሆናልና።

ጠሯቸው። ከመጡት መካከል በዕድሜ የገፉት ሰው ገንዳ አልጠየቁም። የጠየቁት ካርቶን ዝናብ ሲመታው ዋጋው ስለሚወድቅ ቆርቆሮ የለበሰና ቁልፍ ያለው መጋዘን፣ እንዲሁም ገዢም ሻጭም የሚያምነው አንድ ሚዛን ነው። አሁን ከአገሬ ልጆች ጋር የምናዋጣው ለሚዛኑና ለጣሪያው ነው።