ዣቢ አሎንሶና የእኛ ኮሚቴ

የቡድናችን አሰልጣኝ ተባረረ። ጥፋቱ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ መሸነፉ ነው።

ቡድናችን ስል እዚህ ኮሎኝ ያለን ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰባሰብበትን ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ኳሱንም ኮኑንም በራሱ መኪና ጭኖ ይመጣል። ዘነበም አልዘነበም ቀድሞ ደርሶ ኮን ይደረድራል። ማሊያውን ሰብስቦ ቤቱ ወስዶ የሚያጥበውም እሱ ነው። ስብሰባው ላይ ግን ስለ ማሊያ ያነሳ ሰው የለም። "ሲስተሙ አይሠራም" ተባለ። ይህን ያለው ወንድማችን ከወንበሩ ተነስቶ ቡና ቀድቶ እስኪመለስ የሚያለከልክ ሰው ነው። "ክረምት ላይ የአውሮፓ ኢትዮጵያውያን ውድድር አለ። በዚህ ሰው ልንሄድ ነው?" አለ። እጅ ወጣ፣ አለቀ። "ጋሼ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" ሲሉኝ ይታገሱት አልኩ። ሳቁብኝ።

ያንገበገበኝ ይህ የሚሆነው ሌቨርኩሰን አፍንጫ ሥር መሆኑ ነው። ከኮሎኝ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ኮሚቴው በሙሉ የሌቨርኩሰን አሰልጣኝ የነበረው ዣቢ አሎንሶ የሠራውን በዓይኑ አይቷል። አይቶም "ዣቢ! ዣቢ!" ብሎ ጨፍሯል። ጨፍሮ ሲጨርስ ግን ምን አየ?

ላስታውሳችሁ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) ሌቨርኩሰን የአስፕሪን ከተማ ነው። ክለቡንም በ1904 ያቋቋሙት የመድኃኒት አምራቹ የባየር ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። እስከ 2024 ድረስ የቡንደስሊጋን (የጀርመን ከፍተኛ ሊግ) ዋንጫ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። በ2002 ደግሞ ሊጉንም፣ የጀርመን ዋንጫውንም፣ ቻምፒየንስ ሊጉንም ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ሦስቱንም በአንድ ዓመት! በጥቅምት 2022 ከ18 ቡድኖች 17ኛ ሆነው ተቀምጠው ነበር። ከስምንት ጨዋታ ያሸነፉት አንዱን ብቻ ነው። አሰልጣኙን አሰናበቱ፤ ጀርመኖችም ያባርራሉ፣ መላእክት አይደሉም። ያመጡት ግን በየትኛውም አገር ከፍተኛ ሊግ አንድም ጨዋታ መርቶ የማያውቅ ሰው ነው።

የመጀመሪያ ጨዋታውን ሻልከን 4 ለ 0 አሸነፈ። እሰየው። ወዲያው በቻምፒየንስ ሊግ ፖርቶ እዚያው ሜዳው ላይ መጥቶ 3 ለ 0 ቀጣው። ከሦስት ቀን በኋላ ፍራንክፈርት ላይ 5 ለ 1 ተደፋ። ሁለት ጨዋታ፣ ስምንት ጎል። የእኛ ሰው እኮ በሁለቱም ጨዋታ የተሸነፈው 2 ለ 1 ነው!

ሌቨርኩሰኖች ዝም አሉ። ሰውየው ቀስ ብሎ ቡድኑን 6ኛ አድርጎ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት 34 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 28 አሸነፈ፣ 6 አቻ ወጣ፣ አልተሸነፈም። ሚያዝያ 14 ቀን 2024 ቨርደር ብሬመንን 5 ለ 0 ሲረቱ ጨዋታው ሳያልቅ ሕዝቡ ሜዳ መግባት ጀመረ። ለ11 ዓመት ዋንጫውን ለብቻው የያዘው ባየርን ሙኒክ ለቀቀ። በውድድር ዘመኑ በሁሉም ጨዋታ የተሸነፉት አንዴ ብቻ ነው፣ ደብሊን ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍፃሜ በአታላንታ 3 ለ 0። ከሦስት ቀን በኋላ የጀርመንን ዋንጫም ጨምረው ወሰዱ። የእኔ ከተማ ኮሎኝ በዚያው ዓመት ወደ ሁለተኛ ሊግ ወረደ። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ሌቨርኩሰን ሳወራ ለምን ፊታቸው እንደሚጠቁር አሁን ይገባችኋል።

ግን እኔን የሚቆጨኝ ዋንጫው አይደለም። ከዋንጫው በፊት ያለው ነው።

አሎንሶ ተራ ሰው አይደለም። አባቱ ፔሪኮ በሪያል ሶሲዳድም በባርሴሎናም የሊግ ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ነበር። እሱ ራሱ የ2010 ዓለም ዋንጫ አለው። የ2008 እና የ2012 አውሮፓ ዋንጫ አለው። ከሊቨርፑል ጋር ኢስታንቡል ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ፍፁም ቅጣት ምቱ ሲመለስበት ተንደርድሮ ደግሞ ያገባው እሱ ነው። ከሪያል ማድሪድ ጋርም በ2014 ቻምፒየንስ ሊግ ወስዷል። ለስፔን 114 ጊዜ ተሰልፏል። በ2017 ጫማውን ሰቀለ። ይህ ሁሉ ያለው ሰው ከዚያ ምን አደረገ? የአሰልጣኝነት ላይሰንሱን ተማረ። ከዚያ የማድሪድን ከ14 ዓመት በታች ልጆች ያዘ። እስቲ አስቡት፣ ጫማ ማሠሪያ አስተካክሉ እያለ፣ ከልጆች ጋር።

ከዚያስ? ወደ ትውልድ አካባቢው ተመልሶ የሪያል ሶሲዳድን ሁለተኛ ቡድን ሦስት የውድድር ዘመን አሰለጠነ። በ2021 ቡድኑን 60 ዓመት ገደማ ወዳላየው ሁለተኛ ዲቪዚዮን አሳደገ። ያኔ ስሙ ከጀርመኑ ግላድባህ ጋር በሰፊው ሲነሳ ውሉን አራዝሞ እዚያው ቀረ። በዓመቱ ደግሞ ቡድኑ ወረደ። አሰልጣኙ አልተባረረም።

የአርሴናል ደጋፊዎች ቅር እንዳይላችሁ፣ የእናንተው አርቴታም የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ሳን ሴባስቲያን ውስጥ በልጅነታቸው አንድ ቡድን ነበሩ። እሱም ሦስት ዓመት ከምናምን ማንቸስተር ሲቲ ውስጥ ከጓርዲዮላ ጎን ተቀምጦ ነው የተማረው።

እኛ ጋ አንድ የታወቀ ተጫዋች ሲያቆም "ታዳጊ ያዝ" በሉትና ፊቱን እዩ። ሰደባችሁት ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ሃያ ሠላሳ ልጅ በአንድ ኳስ የሚያሰለጥነው ሰውማ ሥራ ፈት ነው የሚባለው። እናቶች እንኳ "ትምህርታቸውን አስተውካቸው" ይሉታል። ከዚያ ልጅ መካከል አንዱ ክለብ ሲገባ "እኔ ነኝ ያገኘሁት" የሚለው ሌላ ነው።

ትልቁ ቡድን ላይም ያው ነን። ሰውነት ቢሻው በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃን። አዲስ አበባ እንዴት እንዳበደች ያላያችሁ የላችሁም። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ለመድረስ ናይጄሪያን ማለፍ ብቻ ቀርቶን ነበር። በ2014 መጀመሪያ ቻን (አገር ውስጥ ለሚጫወቱ ብቻ የሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር) ላይ ሦስት ጨዋታ ተሸነፈ፣ በወሩ ተሰናበተ። በምትኩ ከፖርቱጋል ባሬቶ መጣ። እሱም ዓመት ያህል ቆይቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማን ማን እንደተፈራረቀ እናንተው ቁጠሩ።

አሁን ግን ሌላኛውን ንዴቴን ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ በእኔ ላይ የተጠቀመችበት ሰው አለች።

እኔ አገር ቤት ሒሳብ መርማሪ ነበርኩ። ስንት መሥሪያ ቤት መዝገቡን ይዞ ፊቴ ቆሟል። እዚህ ስመጣ "ዲግሪህ ጥሩ ነው፣ ግን አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ብትጀምር ይሻላል" አሉኝ። ከታች፣ እንደ አዲስ፣ ሦስት ዓመት። ቅር ማለቴን ያየችው የሥራ አማካሪ ፈገግ ብላ "ዣቢ አሎንሶም እኮ ከልጆች ነው የጀመረው" አለችኝ።

እመቤቴ! አሎንሶ ልጆቹን ያሰለጥናል። እኔ ከልጆቹ ጋር ነው የምሰለጥነው። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከጠርሙስ ኃይል ሰጪ መጠጥ እየጠጣ ይገባል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ "ገብቷችኋል?" ይልና እኔን ለይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ ደግሞ ይጠይቀኛል። ጀርመንኛዬ ሲያጥር ሒሳቡም ያጠረኝ ይመስለዋል። አሎንሶን ታክቲክ ሲያስረዳ "ኳስ ክብ መሆኗን ታውቃለህ?" ብሎ የጠየቀው የለም። ደግሞ እሱ ፈልጎ ነው የወረደው፤ ኪሱ ሙሉ፣ ስሙ ሙሉ። ሰለቸኝ ቢል በማግስቱ ቴሌቪዥን ላይ ተንታኝ ይሆናል። እኔ ሰለቸኝ ብል የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሰለቻል።

ይህን ለኮሚቴው ሰው ነገርኩት፣ ያ ሲስተም አዋቂው። "አየህ፣ ከታች መጀመር ለፈረንጅ ነው" አለኝ። እንደዚያ ማለቴ አልነበረም፣ ግን ክርክሩ ደከመኝ።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ መከራከሪያ አግኝቷል። አሎንሶ በሰኔ 2025 ሪያል ማድሪድን ሊያሰለጥን ሄደ። ጥር 2026 ጅዳ ላይ በስፔን ሱፐር ካፕ ፍፃሜ በባርሴሎና 3 ለ 2 ተሸነፈ፣ በማግስቱ ተለያዩ። ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም። የኮሚቴው ሰው በዋትስአፕ የሳቅ ምልክት ደርድሮ ላከልኝ፦ "ጋሼ፣ ማድሪድም እንደኛ ነው!"

በማባረሩ አዎ፣ አንድ ናችሁ አልኩት። በምትኩ የመጣውን ግን እይ። አርቤሎዋ ነው፣ የክለቡን ታዳጊዎች ለዓመታት ሲያሰለጥን የቆየው። አንተ ብትሆን ከፖርቱጋል ነበር የምታመጣው።