ለ«ትበቃለች» ጀግኖች የቀረበ ውዳሴ

ጥር ገባ። ድንኳን ተከላው ተጀመረ፣ የሊሞው ቀጠሮ ተያዘ። ሙሽሮችን ሁሉም ሰው ይመርቃል። እኔ ዛሬ የምመርቀው ሌላ ሰው ነው፤ ስልኩን ሰልፊ ስቲክ ላይ ሰክቶ ሠርጉን ከእልልታው እስከ ኬኩ በላይቭ የሚያስተላልፈውን። በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። «ዳታ ሞልተሃል?» ሲሉት ስልኩን እንኳ ሳያይ «ትበቃለች» የሚለው እሱ ነው።

የዚህን ሰው ታላቅነት ለመረዳት መጀመሪያ ደጋሾቹን ማየት ነው። እናት ለስንት እንግዳ ስንት እንጀራ እንደሚያስፈልግ በእንቅልፍ ልባቸው ይናገራሉ። አባት ቢራውን በሳጥን ቆጥረው ያስገባሉ፣ ባዶ ጠርሙሱንም ቆጥረው ይመልሳሉ። ለዶሮ ወጡ የሚገባው ሽንኩርት ሰባት ሴቶች ተከራክረውበት ነው የተወሰነው። የጥሪ ካርዱ ላይ «ከነባለቤትዎ» ይባል አይባል በሚለው ሽማግሌ ሊገባ ምንም አልቀረው፤ አንድ ሰው ሲጨመር አንድ ሳህን ይጨመራላ! በዚህ ሁሉ ሒሳብ መሀል ማንም ያላሰላው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ሪያድ ያሉት ዘመዶች ሠርጉን የሚታደሙበት ዳታ። እሱ ለእግዜር ተትቷል። እምነት ከተባለ ይህ ነው።

እርግጥ በየቤቱ ነገረኛ አይጠፋም። በዚህኛው ሠርግ የሙሽሪት ታናሽ እህት ነበረች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። «ቪዲዮው በሴኮንድ 3 ሜጋቢት ቢልክ፣ በሰዓት 3,600 ሴኮንድ አለ፣ ስለዚህ 10,800 ሜጋቢት ነው። ጥቅል የምንገዛው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 እናካፍለው። በሰዓት 1,350 ሜጋባይት። ፕሮግራሙ 6 ሰዓት ከፈጀ ከ8 ጊጋ በላይ ያስፈልጋል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ትልቋ አክስት፣ «አንቺ ልጅ፣ በእህትሽ ሠርግ አታሟርቺ!» አሏት።

ልጅቷ ግን አላረፈችም። «እሺ እትዬ፣ ዛሬ ማታ 10 ደቂቃ ብቻ እንሞክረው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ስንት እንደበላ እናያለን፣ በ6 እናባዛዋለን፣ የሰዓቱ ይገኛል» አለች። ጀግናችን በትዕግሥት ሰማት። ከዚያ «እኔ ስንት ሠርግ ያስተላለፍኩ ሰው ነኝ» ብሎ 3 ጊጋ ገዛ። ለምን 3 እንደሆነ አልጠየቅነውም። እንዲህ ዓይነት ነገር ከላይ ነው የሚገለጠው።

ደግሞ ዝም ብሎ ሰጪ እንዳይመስላችሁ። የቁጠባ ዘዴ አለው። አንደኛ፣ ዳታ እንዳይበላ የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰ። ባትሪው በደስታ አመሰገነው፤ ዳታው ግን ወሬውንም አልሰማ። ቀጥሎ ማይኩን አጠፋ፣ «ድምፅ ነው የሚጨርሰው» ብሎ። ድምፅ ብቻውን በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ቢላክ በሰዓት 58 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። እልልታውን ሰውቶ ያተረፋት እሷን ነው። ኔትወርኩ ጥርት ሲልለት ደግሞ ፊቱ በራ። «ዛሬማ ፈጣን ነው፣ ቶሎ ስለሚልከው ትንሽ ነው የሚበላው!» ብዙው መተግበሪያ ኔትወርክ ሲጠራ ራሱ የምስሉን ጥራት ከፍ እንደሚያደርግና ጥራት ሲጨምር ዳታም እንደሚጨምር የሚነግረው ጠላት በአካባቢው አልነበረም። ነገረኛዋ ልጅ ሚዜ ሆና ሜካፕ ላይ ነበረች።

ከሁሉ ግን ልቤን የነካው ተመልካች ማባረሩ ነው። ቁጥሩ መቶ ሲያልፍ ማይኩን ለአፍታ ከፍቶ ካሜራውን ወደ ራሱ አዞረና፣ «ጋይስ፣ በዛችሁ፣ ዳታ እየበላችሁብኝ ነው። ኮመንት የማታደርጉ ውጡልኝ» አለ። ሪያድ ያለችው የሙሽሪት አክስት ሥራ መሀል ተደብቃ ነበር የምታየው። ተከፍታ ወጣች። ስልኩ የሚልከው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አንድ ሰው ቢያየው ሺህ ሰው ቢያየው ለላኪው ያው ነው፤ ለሺሁ የሚያከፋፍለው ሰርቨሩ ነው፣ እያንዳንዱ ተመልካችም የሚበላው የራሱን ጥቅል ነው። ሴትዮዋ ግን ሰው ላለመጉዳት ብላ ወጣች። እንዲህ ያለ ዘመድ ይብዛልን።

ስርጭቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀመረ። ዋሽንግተን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ አጎቶች ፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ተቀምጠዋል። ምን አዩ? መገናኛ ላይ የተጨናነቀ መንገድ አዩ። የመኪና ጣሪያ አዩ። ከፊት ያለውን የሲኖትራክ ጎማ በከፍተኛ ጥራት አዩ። የጀግናችንን ጫማ አዩ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ። ከዚያ የሙሽሪት ቤት በር ላይ ግፊያ ሆነ፣ የአንድ ሰውዬ ጀርባ ሩብ ሰዓት ያህል ተላለፈ። ኮመንቱ «ሰውዬውን አስነሱት» በሚል ተሞላ።

3 ጊጋው በዚያች ሟርተኛ ልጅ ስሌት ቢሆን 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነበር የሚቆየው። ጀግናችን ግን ስሌት አይገዛውም። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አደረሰው! ልክ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሙሽራው ቀለበቱን አንስቶ የሙሽሪትን ጣት ሲይዝ፣ ምስሉ ቀጥ አለ። የሙሽራው አፍ እንደተከፈተ፣ የሙሽሪት ዓይን እንደተጨፈነ። ቴል አቪቭ «ሀሎ? ሀሎ?» ትላለች። ዋሽንግተን የራሷን ዋይፋይ አጥፍታ ታበራለች።

ጀግናችን አልደነገጠም። ካርድ ሞላ። ጥቅል መግዛቱን ረስቶ በቀጥታ ላይቭ ገባና ካርዱም ተሰናበተው። ብድር ጠየቀ፣ ብድሯም ተከተለች። ያን ጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞረና ያንን የምንወደውን ቃል አሰማ፦ «በሉኝ!» ጠረጴዛው ሁሉ ተነቃነቀ። «እኔንም በልተውኛል!» «የኔማ ሳልነካው ነው ያለቀው!» ሠርጉ ላይ እንዲህ ያለ አንድነት ከጭፈራው በስተቀር አልታየም። ሌሊቱን ሙሉ ያነሳቸው ፎቶዎች በዚያው ዳታ ወደ ክላውድ ሲጫኑ እንደነበር ስልኩ በትንሽ ፊደል ጽፎ ነበር፤ ግን ብርሃኑ ስለተቀነሰ አልታየም።

ነገ መልስ ነው። 2 ጊጋ ገዝቷል። «መልስ አጭር ነው፣ ትበቃለች» ብሎናል። ነገረኛዋ ልጅ ወረቀቷን ስታወጣ አክስቷ እስክሪብቶውን ቀምተው ኪሳቸው ከተቱት።