ጨዋ እንደ አርተር ፈረሰኛ

ሰሞኑን ደግሞ አንድ የ«ስብዕና ግንባታ» አሠልጣኝ ማይክ ጨብጠው «ወንድ ማለት የጥንቱ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ነው! ሴት አክባሪ፣ ቃሉን ጠባቂ!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። «ዱሮ ቀረ» ሳይሉ ውሃ አይጠጡም፤ ዱሮን አንብቡት ሲባሉ ግን መነጽራቸው ይጠፋል። እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋቸዋለሁ። እንዲያውም ማስረጃ ላቀብላቸው።

እንግሊዛዊው ቶማስ ማሎሪ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1485 በታተመው የተረቱ ንጉሥ የአርተር ታሪክ፣ በክብ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት የንጉሡ ፈረሰኞች በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ ቀን ይምላሉ፦ ነፍስ ላያጠፉ፣ «ማሩኝ» ያለን ሊምሩ፣ ሴት ላይደፍሩ። በየዓመቱ እንዲህ እየተባለ የሚማልበት ቤት መቼም የጨዋ ቤት ነው! መሐላው በባዶ ሜዳ አልመጣም። ጥቂት ቀደም ብሎ ከፈረሰኞቹ አንዱ፣ ሰር ጋዌን፣ «ማሩኝ» ያለውን ፈረሰኛ አልምርም ብሎ ሰይፉን ሲያወርድ፣ መሐል የገባችውን እመቤት አንገት ቀልቷል። ማሎሪም መጽሐፉን የጨረሰው እስረኛ ሆኖ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች «እሱ ነው» የሚሉት የዎሪክሸር ባላባት ደግሞ በዘረፋ፣ በከብት ስርቆትና አስገድዶ በመድፈር የተከሰሰ ነበር። ከእንዲህ ያለ ምንጭ ለተቀዳ ሥልጠና የመግቢያው ዋጋ አይበዛበትም።

የእኔ ተወዳጅ ግን እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን፣ ባዝ ከምትባል ከተማ በመጣች ገጸ ባሕርይው አፍ የተረከልን ፈረሰኛ ነው። የአርተር ቤተኛ ነው። ብቻዋን የምትሄድ ልጃገረድ አየና በጉልበት ደፈራት። ሕጉ ሞት ፈረደበት፤ ንግሥቲቱና ወይዛዝርቱ አማለዱት። ቅጣቱ ምን ሆነ? ጉብኝት! አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እየዞረ «ሴቶች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ምንድን ነው?» እያለ እንዲጠይቅ። ሴት የደፈረው ሰውዬ የሴቶችን ፍላጎት አጥኚ ሆነ። (ዛሬ ቢሆን አበል ይታሰብለት ነበር።) አንዱ ሀብት ይለዋል፣ አንዱ ክብር፣ አንዱ ልብስ፣ አንዱ ሽንገላ። በመጨረሻ አንዲት መልከ ጥፉ አሮጊት መልሱን ሹክ አለችው፦ በባል ላይ ማዘዝ። ነፍሱ ተረፈች። አሮጊቷ «እንግዲያው አግባኝ» ስትለውስ ጨዋችን ምን ብሎ ቢለምን ጥሩ ነው? ንብረቴን ሁሉ ውሰጂ፣ ገላዬን ግን ልቀቂልኝ! ገላዬን! በግድ ተዳረ፤ አልጋ ላይ እየተገላበጠ ሲያቃስት፣ ጨዋነት በምግባር እንጂ በዘር እንደማይገኝ ረጅም ስብከት ተሰበከለት። «መልከ ጥፉ ግን ታማኝ ልሁንልህ፣ ወይስ ቆንጆ ግን ታማኝነቴ የማያስተማምን?» ስትለው ምርጫውን ለሷ ሲተውላት ደግሞ ቆንጆም ታማኝም ወጣት ሆነችለት። እልል በሉ!

ልጅቷስ?

ከተረቱ እንደ ወጣች ቀረች። ስም እንኳ አልተሰጣትም። ዓመት ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ሲጠይቅ፣ እሷን «አንቺስ ምን ትሻለሽ?» ያላት የለም። ይሄ አያስቅም። ይህን ሳያነቡ «ሴት አክባሪነት» ብሎ ለጎረምሳ መሸጥ ነውር ነው፤ የለየለት ነውር።

ለነገሩ አንድ የሚያፍር ፈረሰኛ አለ። ያው ጋዌን ነው፤ ስሙ ባልታወቀ ባለቅኔ ግጥም ውስጥ። አንገቱን ለማዳን፣ ከሞት ይጠብቃል የተባለ አረንጓዴ መቀነት ደብቆ፣ ያገኘውን ሁሉ ለአስተናጋጁ ሊያስረክብ የገባውን ቃል አጠፈ፤ ሲጋለጥ መቀነቱን የጥፋቴ ምልክት ብሎ ታጥቆ ገባ። የአርተር ቤተኞች ግን ሳቁ፤ ሳቁና እነሱም ለክብር ብለው አረንጓዴ ታጠቁ። አሠልጣኛችን ከሰርተፍኬቱ ጋር አንድ አንድ መቀነት ቢያድሉስ? የምን እንደሆነ የሚጠይቃቸው አይኖርም።